«ውሻው እኔን ነው የሚያወጣኝ»

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ዓምድዎን ከጀመሩ ጀምሮ አነባለሁ፤ ስለ ውሻ ሲጠየቁ ግን አላየሁም፤ የማይሆን ነገር ከጠየቅኩ ይለፉኝ። አንበሴ የሚባል የጀርመን ሼፐርድ ክልስ አለን፤ ዓመት ከሁለት ወሩ ነው። ቀን ቀን ቤቱ አጠገብ በሰንሰለት ይታሰራል፣ ማታ ተፈቶ ግቢ ይጠብቃል። ጠዋት ጠዋት ይዤው ልንሸራሸር ብዬ ከጀመርኩ ሰነበትኩ፤ መንሸራሸር ከተባለ ነው። በሩ ገና ገርበብ ሲል እኔን ይዞኝ ይወጣል። ባለፈው ሳምንት ኮብልስቶኑ ላይ ደፍቶኝ ጉልበቴ ተልጧል። ወንድሜ «አለቃው ማን እንደሆነ አላሳየሽውም፤ የሚያንቅ ሰንሰለት ግዢና ሁለት ሦስቴ መንጭቂው» ይላል። ዘበኛችን ደግሞ «ውሻ መንሸራሸር ከለመደ ሰው ይወዳል፣ ጥበቃው ይቀራል» ይላሉ። እናቴን የያዛት ጎረቤት ምን ይላል የሚለው ነው። እኔ የምፈልገው አጠገቤ ሆኖ በሰላም እንዲሄድ ብቻ ነው። ይቻላል? ሰንሰለቱንስ ልግዛ?

ተጎታቿ፣ ከሰሚት

መልስ

እህቴ፣ ጉልበትሽን እግዜር ይማርሽ። ይቻላል። ሰንሰለቱን አትግዢ። እንዲያውም የችግርሽን ግማሽ ያመጣው ሌላ ሰንሰለት ነው፤ ቀን ቀን የሚታሰርበት። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ አንበሴ ለምን እንደሚጎትትሽ እንይ። ንቆሽ አይደለም፣ ሊያዋርድሽም አይደለም። አንዱ ምክንያት ፍጥነት ነው። ሰው ረጋ ብሎ ሲራመድ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሄድ ነው፤ እሱን ለሚያህል እግረ ረጅም ውሻ ይህ መንቀርፈፍ ነው። ዋናው ምክንያት ግን መጎተት ስለሚያዋጣው ነው። ከፊቱ ሊያሸተው የጓጓለት የመብራት ምሰሶ አለ፤ ይጎትታል፤ አንቺ እየተንገዳገድሽም ቢሆን ትከተይዋለሽ፤ ምሰሶው ጋ ይደርሳል። ጎተተ፣ ደረሰ። በአንድ ጠዋት ይህን ስንቴ እንደምትከፍይው ቁጠሪው። «ኧረ አንበሴ! ኧረ ተው!» ማለትሽ ለእሱ ምንም ማለት አይደለም፤ አፍሽ ቢቆጣም እግርሽ ተከትሎታል፣ እሱ ደግሞ የሚያምነው እግርሽን ነው።

እንግዲህ ሥራው ሁሉ የሚያርፈው አንድ ነገር ላይ ነው፦ ገመዱ ሲወጠር መንገዱ ይቆማል፣ ገመዱ ሲላላ መንገዱ ይቀጥላል። ሌላው ሁሉ ይህንኑ ሰሚት መንገድ ላይ፣ ከባጃጁና ከሰፈር ውሻው መሀል፣ እንዴት እንደምታደርጊው ነው።

አሁን ወደ ቀኑ ሰንሰለት። አንዴ ከአንበሴ ወገን ሆነሽ እዪው። ሰው ሲገባ ወደ በሩ ይወረወራል፣ ሰንሰለቱ ይይዘዋል። ድመት በአጥሩ ስታልፍ ይወረወራል፣ ይይዘዋል። ምግቡ ሲመጣ ሰንሰለቱ እስከሚያደርሰው ተወጥሮ ይጠብቃል። አንገቱ ላይ ያለው ነገር መወጠሩ ለእሱ የዕለት ኑሮ ነው፤ ተወጥሮ መቆም፣ ተወጥሮ መጮኽ፣ ተወጥሮ መጠበቅ ሲማር ውሏል። አንቺ ደግሞ ጠዋት መጥተሽ ሌላ ገመድ ታስሪበትና ይህኛው እንዲላላ ትጠብቂያለሽ። መላላት የሚባል ነገር መኖሩን ማን ነገረው? በዚያ ላይ ታስሮ የዋለ ጉልበቱ አለ።

ስለዚህ ትምህርቱ የሚጀምረው እዚያው ግቢ ውስጥ እሱን በመፍታት ነው። እንግዳ ይበዛል፣ ልጆች ይገባሉ ካላችሁ ከግቢው አንዱን ጥግ በሽቦ ወይም በቆርቆሮ አጥራችሁ በር አብጁለት፤ ጥላና ውሃ ይኑረው፣ ዞር ዞር የሚልበት ስፋት ይኑረው። ቀኑን ሙሉ ካልተቻለ ግማሹን። ከመውጣታችሁ በፊትም ግቢ ውስጥ ኳስ ወርውሪለት፣ ይሩጥ። ጉልበቱን ሳያወጣ በር ላይ የደረሰ ጎረምሳ ውሻ ምንም ብትይው አይሰማሽም። ጎረምሳ ያልኩት ለቀልድ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ትልቅ ዝርያ በዓመት ከሁለት ወሩ አካሉ ቢደርስም ጠባዩ ገና ነው።

የዘበኛችሁ ነገር ግን እንዳያስፈራሽ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የተባለው በከንቱ አይደለም፤ አንበሴ ግቢውን የሚጠብቀው ግቢው የራሱ ስለሆነ እንጂ ስለታሰረ አይደለም። ወጣ ገባ ማለት ሰፈሩን ያሳውቀዋል፤ የወተት አመላላሹን፣ የትምህርት ቤት ልጆቹን፣ የጎረቤቱን መኪና ይለምዳል፤ ሌሊት ሲጮኽ ለቁም ነገር ይሆናል። ሰንሰለት ውሻን ኃይለኛ ያደርጋል ካሉሽ አዎ፣ ያደርጋል። ኃይለኛነቱ ግን ሌባ መርጦ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ከአሜሪካ ዴንቨር ከተማ የታተመ ጥናት ሰው የነከሱ ውሾችን ካልነከሱት ጋር አስተያይቶ፣ የነከሱት ግቢ ውስጥ በሰንሰለት የሚታሰሩ ሆነው የመገኘታቸው ዕድል ወደ ሦስት እጥፍ የተጠጋ መሆኑን አግኝቷል። የሚነከሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሊያበላው የቀረበ ወይም ሊጫወት የመጣ ልጅ ነው።

ወንድምሽ የሚለውም ቢሆን ከራሱ ያመነጨው አይደለም፤ ዕድሜ ያለው ሐሳብ ነው። የፖሊስ ውሾችን ያሠለጥን የነበረው ጀርመናዊ ኮንራት ሞስት እ.ኤ.አ. በ1910 ባሳተመው መመሪያ መመንጨቅና መቅጣት ትልቅ ቦታ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1947 ደግሞ ሩዶልፍ ሼንከል የተባለ ተመራማሪ አጥር ውስጥ የተያዙ ተኩላዎችን አይቶ ስለ የበላይነት ፉክክራቸው ጻፈ፤ «አለቃ ተኩላ» የሚባለው ወሬ ከዚያ ተነስቶ ዓለምን ዞረ፣ ወንድምሽም ጋ ደረሰ። ጉዳዩ እንዲህ ነው፤ እነዚያ ተኩላዎች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ሳይሆኑ በሰው እጅ አንድ ላይ የተዘጋባቸው ነበሩ። ዱር ውስጥ ለዓመታት ተኩላ ሲከታተል የኖረው ዴቪድ ሜክ እ.ኤ.አ. በ1999 እንደጻፈው መንጋው በአብዛኛው እናት፣ አባትና ልጆቻቸው ነው። የእኛው የባሌ ቀይ ቀበሮም የሚኖረው በቤተሰብ ነው። ደግሞስ አንበሴ ተኩላ ነው እንዴ? ምሰሶ ማሽተት የፈለገ ውሻ እኮ ነው።

የሚያንቀው ሰንሰለት አይሠራም ብዬ አልዋሽሽም። አንዳንዴ ይሠራል፤ ሕመሙን የፈራ ውሻ ያዘግማል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ሌላ ውሻ ባየ ቁጥር አንገቱ የሚታነቅ ከሆነ ሕመሙን ያመጣበት ያ ውሻ ይመስለዋል፤ ያን ጊዜ የሚጎትት ውሻ የነበረሽ ሴት ሌላ ውሻ ሲያይ የሚያብድ ውሻ ይኖርሻል። ጉሮሮውም ይጎዳል፤ ውሻ በአንገት ማሰሪያ ሲጎትት ዓይኑ ውስጥ ያለው ግፊት እንደሚጨምርም ተለክቷል። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች የጠባይ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው አቋም ለማንኛውም ውሻ፣ አስቸጋሪ ለሚባለውም ጭምር፣ በሽልማት የሚሆነው ሥልጠና ነው የሚመከረው ብሏል። ለወንድምሽ ይህን አሳዪው። ባያምንም ግድ የለም፣ መጨረሻ ላይ ለእሱም ቦታ አበጅቼለታለሁ።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ጠፍጣፋ የአንገት ማሰሪያ፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል ላላ ያለ። ብር ካለሽ የደረት ማሰሪያ፣ ሻጮቹ ሃርነስ የሚሉት፤ ስትገዢ ግን ገመድ ማያያዣው ቀለበት ደረቱ ላይ፣ ከፊት በኩል፣ መኖሩን እዪ። ቀለበቱ ጀርባው ላይ ብቻ ከሆነ ለመጎተት ይመቸዋል፤ በረዶ ላይ ሸክም የሚስቡ ውሾች የሚታጠቁት እንዲያ ያለውን ነው። ከፊት የታሰረ ግን በጎተተ ቁጥር የራሱ ጉልበት ወደ አንቺ ያዞረዋል። ገመዱ 2 ሜትር ገደማ ይሁን፣ ጨርቅ ወይም ቆዳ። ሲባጎ እጅሽን ይልጥሻል። የብረት ሰንሰለት ደግሞ ክብደቱ ሁልጊዜ አንገቱ ላይ ስላለ መላላቱንና መወጠሩን አይለይለትም። ያ በመያዣው ውስጥ የሚጠቀለለው፣ ሲጎትቱት የሚረዝመው ገመድ ለአሁኑ ይቅርብሽ፤ እሱ በጎተተ ቁጥር መንገድ ይጨምርለታል፣ እኛ ልናጠፋው የተነሳነውን ማለት ነው። ገመዱን እጅሽ አንጓ ላይ አትጠምጥሚው። በሁለት እጅሽ ያዢው፣ እጆችሽ ሆድሽ አጠገብ ይሁኑ፤ ክንድሽ ሲዘረጋ ነው የሚደፋሽ።

ሌላው ጉርሻ ነው። እዚህ ላይ ሰው ይሰስታል፣ ወይም ደረቅ ዳቦ ይዞ ይወጣና «ውሻዬ አይፈልግም» ይላል። ዳቦ ግቢ ውስጥ ይበቃው ይሆናል፤ መንገድ ላይ ግን የምትወዳደሪው ከሥጋ ቤት ሽታና ከሰፈር ውሻ ጋር ነው። ሥጋ ቤት ሂጂና ጉበት ወይም ሳንባ ግዢ፣ ብዙ አያስከፍሉሽም። በደንብ ይቀቀል፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ። ጥሬውን እንዳትሰጪው፤ ጥሬ ሳንባና ጉበት ውስጥ የውሃ ከረጢት የሚመስል እጢ ሊኖር ይችላል፣ ውሻው ከበላው የሚያድርበት የኮሶ ትል በዓይነ ምድሩ በኩል ወደ ሰው ተላልፎ የሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ እጢ ያወጣል። አገራችን ውስጥ ያለ በሽታ ነው። ጨው፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ አይግባበት። የወጥ ትራፊም ለውሻ አይሆንም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቀይ የደም ሕዋሱን ይጎዱበታል። የተቀቀለውን ሽንብራ ሽንብራ አሳክለሽ ክተፊው፣ ምጣድ ላይ አደርቂው፣ ኪስሽ እንዳይሸት በትንሽ ቦርሳ ወገብሽ ላይ እሰሪው። ያን ቀን የእራቱን መጠን ቀንሺለት።

አሁን እንጀምር። ግቢ ውስጥ፣ ገመድ ሳይኖር። «ጎሽ!» በይና ወዲያው ጉርሻ ስጪው። ምንም እንዲሠራ አትጠብቂ። «ጎሽ!»፣ ጉርሻ። ደግሚው፣ ደጋግሚው። «ጎሽ» ስትይ ጆሮው ቆሞ ወደ እጅሽ ሲዞር ገብቶታል ማለት ነው። ይህ ድምፅ ከዚህ በኋላ መሣሪያሽ ነው፤ ደግ ነገር በሠራባት ቅጽበት «ይህችን ነው የወደድኩልህ» የምትይበት። ጉርሻው ሰከንድ ሁለት ሰከንድ ቢዘገይ ችግር የለውም፣ ድምፁ ግን እንዳይዘገይ።

ቀጥለሽ ግቢውን ዝም ብለሽ ተራመጂ። ይከተልሻል፣ ቦርሳው አንቺ ጋ ነዋ። ግራ እግርሽ አጠገብ ሲደርስ «ጎሽ!» በይና ጉርሻውን እዚያው፣ የሱሪሽ ስፌት አጠገብ፣ ስጪው። የምትሰጪበትን ቦታ አደራ። ከፊትሽ ዘርግተሽ ከሰጠሽው ከፊትሽ መሄድ ይማራል፤ ጎንሽ ላይ ከሰጠሽው ጎንሽ ላይ ይገኛል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህች ላይ ነው፤ ሁሉን በደንብ አድርጎ ጉርሻውን ግን ወደ ፊት ይወረውራል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 5 ደቂቃ ይበቃል። ሲሰለቸው ሳይሆን ገና ሲፈልግ አቁሚ።

ይህ ሲሰምር ገመዱን እሰሪና እዚያው ግቢ ውስጥ ድገሚው። ገመዱ ሲወጠር ቁሚ። በቃ፣ ቁሚ። ወደ ኋላ አትሳቢው፣ አትጥሪው፣ አትቆጪው። ይጎትታል፣ ይጮኻል፣ ዞሮ ያይሻል። ዞሮ ሲያይሽ ወይም አንድ እርምጃ ሲመለስ ገመዱ ይላላል፤ ያኔ «ጎሽ!»፣ እና ሂጂ። እዚህ ላይ ዋናው ጉርሻ መሄዱ ራሱ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ይበልጥ ይጎትታል፣ የባሰበት ይመስልሻል። አልባሰበትም፤ እስከ ዛሬ ሲከፈለው የኖረው ነገር ሲቀርበት አጥብቆ እየጠየቀ ነው። አንዴ ደክሞሽ ብትከተይው አጥብቆ መጎተት እንደሚያዋጣ ተማረ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራሽ ይከብዳል። ስለዚህ ጊዜ በሌለሽ ቀን ይህን ትምህርት አትጀምሪ።

መቆም ብቻውን የሚያሰለቻቸው ውሾች አሉ። ለእነሱ መዞር ይሻላል፤ ገመዱ ሊወጠር ሲል፣ ከመወጠሩ በፊት፣ «ና!» ብለሽ ወደ ኋላ ዙሪና በሌላ አቅጣጫ ሂጂ፤ ሲደርስብሽ ጎንሽ ላይ ጉርሻ። እንደ አንበሴ ላለ ከባድ ውሻና እንደ አንቺ ጉልበቱ ለተላጠ ሰው እኔ ይህን አስቀድማለሁ።

የግቢው በር ለብቻው ትምህርት ነው። የአብዛኛው ሰው መንገድ የሚበላሸው ገና በሩ ላይ ነው። ገመዱን ስታነሺ የሚዘል ከሆነ ገመዱን መልሰሽ ስቀዪ፣ ጀርባሽን ስጪው። አራት እግሩ መሬት ሲነካ አንሺው። በሩ ጋ ስትደርሱ ይቀመጥ፤ በሩን ገርበብ ስታደርጊ ከተነሳ ዝጊው፣ እንዳትቀጪው፣ ዝጊው ብቻ። ሲቀመጥ ክፈቺ። የመጀመሪያው ቀን ይህን ስትሠሪ ሳትወጡ ልትመለሱ ትችላላችሁ፤ እሱም ትምህርት ነው። ከዚያ ሲሳካ ከበሩ እስከ ጎረቤት በር፣ ደርሶ መልስ። በቃ። ሰው ሰፈሩን ካልዞርኩ አልተንሸራሸርኩም ይላል፤ ላላ ባለ ገመድ የተሄደ 20 ሜትር እየተጎተቱ ከተሄደ 2 ኪሎ ሜትር ይበልጥብሻል።

ሰዓቱን ምረጪ። ሌሊቱን ሲዞሩ ያደሩ የሰፈር ውሾች ገና ሲነጋ ያን ያህል አልተኙም። ከ1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል ደግሞ የተማሪና የሠራተኛ ግርግር ነው። ከቻልሽ 3 ሰዓት አካባቢ ውጪ፤ ውሾቹ ፀሐይ ላይ ተጋድመዋል፣ ልጆቹ ክፍል ገብተዋል። ቀትር ላይ አስፋልቱ ይግላል፤ የእጅሽን ጀርባ አስፋልቱ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ማቆየት ካልቻልሽ የእሱም መዳፍ አይችለውም።

ማሽተቱን አትከልክዪው። የውሻ አፍንጫ ውስጥ እስከ 300 ሚሊዮን የሚደርሱ የሽታ ተቀባይ ሕዋሳት አሉ ይባላል፣ የእኛ ጥቂት ሚሊዮን ነው፤ ለእሱ መውጣት ማለት ማን አለፈ፣ ማን ሸና፣ ጅብ መጥቶ ነበር ወይ የሚለውን ማንበብ ነው። ይህን ፍላጎቱን ለራስሽ ተጠቀሚበት። ወደ ምሰሶው ሲጎትት ቁሚ፤ ሲላላ «ሂድ፣ አሽት» በይና አብረሽው ሂጂ። ምሰሶው ራሱ ጉርሻ ሆነልሽ፣ ሳንባሽም ተረፈ። እንደ ልቡ ያሸተተ ውሻ ቤቱ ሲመለስ ደክሞት ይተኛል፤ እየተገፈታተረ ብዙ ከሄደው ይልቅ።

የሰፈር ውሾች ነገር ከባዱ ነው። አንድ ምልክት ልስጥሽ፦ አንበሴ ከእጅሽ ሳንባ መብላት ካቃተው በጣም ቀርባችኋል። ጆሮው ተዘግቷል፣ ትምህርት አይገባውም፤ ራቂ። መንገድ ተሻገሪ፣ ከቆመ መኪና ኋላ ዙሪ፣ መብላት እስኪችል ድረስ። ከዚያ ርቀት ላይ ሆነሽ ውሻውን ባየ ቁጥር «ጎሽ!»፣ ጉርሻ። ቀን በቀን ርቀቱን ማጥበብ ይቻላል፣ ግን ፍጥነቱን የሚወስነው እሱ ነው። ገመዱን በፍርሃት አትወጥሪው፤ የአንቺ እጅ ሲወጠር እሱም «አንድ ነገር አለ» ይላል። የሰፈሩ ውሾች ወደ እናንተ ከመጡ አትሩጪ፣ አንበሴን ከኋላሽ አድርጊ፣ ከቦርሳው አንድ እፍኝ ወደ እነሱ በትኚና እነሱ ሲለቅሙ ቀስ ብለሽ ራቂ። ድንጋይ የምታነሺ መስሎ ጎንበስ ማለትም ይሠራል፣ አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የማያውቅ ውሻ የለም፤ ግን አንበሴም ልጆች ድንጋይ ሲወረውሩበት ያደገ ከሆነ እሱም ይደነግጥብሻል፣ ስለዚህ እሱን የመጨረሻ አድርጊው።

ከመውጣትሽ በፊት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ በየዓመቱ መታደሱን እዪ፣ ካርዱንም አስቀምጪ። የማይታወቅ ውሻ አንቺን ከነከሰሽ ወይም ቢቧጭርሽም ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢውና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂጂ፤ የሕመሙ ምልክት ከታየ በኋላ የሚያድን የለም፣ ሌላ ሕክምና እየሞከሩ ቀን ማሳለፍ አይገባም። አንበሴ ከተነከሰም ክትባት አለው ብለሽ አትተዪው፣ ለእንስሳት ሐኪም አሳዪው።

የእናትሽ ጭንቀት ደግሞ ተገቢ ነው። ሰው ውሻ የሚፈራው ይህን በሽታ ስለሚያውቅ ነው፣ ያየም አለ። አንዳንዱ ለሶላት ታጥቦ እየሄደ ነው፣ ውሻ እንዲነካው አይፈልግም፤ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር አጠገብም ውሻ ይዞ መቆም ሰው ደስ አይለውም። ስለዚህ ሰው ሲመጣ ከሩቅ «አይነካም፣ አይነካም!» እያልሽ አትጩሂ። ይህ የውሻ ባለቤቶች ሁሉ መዝሙር ነው፣ ማንንም አረጋግቶ አያውቅም። ገመዱን አሳጥሪ፣ ወደ ዳር ወጥተሽ አንበሴን ካጠገብሽ አስቀምጪ፣ ጉርሻ እየሰጠሽው ሰውዬው ይለፍ። ሰላምታም ስጪ። የጣለውን ማንሻ ይዘሽ ውጪ። ጎረቤት ይህን ሁለት ሦስት ሳምንት ካየ የእናትሽ ነገር በራሱ ይበርዳል። በበዓል ሰሞን ግን የበግ መንጋ መንገዱን ሲሞላው፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ተጫወቱ፤ እሱን ፈተና ለአንበሴ ገና ነው።

ስንት ጊዜ ይፈጃል ትይኛለሽ። በየቀኑ ከሠራሽበት በጥቂት ሳምንት ለውጥ ታያለሽ፤ ባጃጅም ውሻም እያለፈ ገመዱ ላላ ብሎ እንዲቆይ ግን ወራት ይወስዳል። መሀል ላይ ምንም እንዳልተማረ የሚሆንባቸው ቀናት ይመጣሉ። ያን ቀን ወደ በሩ 20 ሜትር ተመለሺ።

አሁን ወንድምሽ። አንቺ ሳምንቱን ሙሉ ስትቆሚና ስትዞሪ ከርመሽ እሱ ቅዳሜ አውጥቶ እየተጎተተ ከሮጠ፣ አንበሴ የሚማረው «አንዳንዴ ያዋጣል» የሚለውን ነው፤ አንዳንዴ የሚያዋጣ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ከሚያዋጣው ይልቅ ለመተው ያስቸግራል። ወንድምሽን መለወጥ ካቃተሽ ዕቃውን ለይለት። ቀለበቱ ጀርባው ላይ የሆነውን የደረት ማሰሪያ ለእሱ ግዢለት፤ ያን ሲያጠልቅለት አንበሴ እንደ ልቡ ይጎትት፣ ይሩጡ፣ ሁለቱም ደስ ይበላቸው። ያንቺን የአንገት ማሰሪያ ወይም የፊት ቀለበት ያለውን ሲያስር ግን የላላ ገመድ ሕግ ነው። ውሾች ይህን ልዩነት አጥርተው ይይዛሉ፣ በምን ዕቃ ምን እንደሚደረግ ያውቃሉ። ሁለቱን በተለያየ ምስማር ላይ ስቀዪ፣ ያንቺንም ወንድምሽ እንዳይነካው ንገሪው።